ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአባቴን የብር ሳንቲሞች የት ልሽጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በገንዘብ ተቀባይነት 22 ዓመት ሠርቶ አሁን አዲስ አበባ ተመልሷል። በእነዚያ ዓመታት መሳቢያው ውስጥ አሮጌ ሳንቲም ባገኘ ቁጥር በራሱ ሳንቲም ተክቶ አሮጌውን ኪሱ ይከት ነበር። ዛሬ በአንድ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ 180 ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም)፣ 90 ዳይም (ባለ 10 ሳንቲም) እና 20 ባለ ግማሽ ዶላር አሉኝ። አንድ ጠገራ ብርም አብሮ አለ፤ እሱ የአያቴ ነው። ለምከራየው ቤት መያዣ እስከ ዓርብ መክፈል አለብኝ። አባቴም «ሽጪው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው ያስቀመጥኩት» ብሎኛል። ትናንት በመያዣ የሚያበድር ሱቅ ገብቼ «ለሁሉም 400 ዶላር» አሉኝ። ልስጣቸው?

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እንኳንም አልሰጠሽ። እኔም የአባትሽን ሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያንን መሳቢያ አውቀዋለሁ። የእኔን ሳንቲሞች ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ በቁጣና በችኮላ ሸጬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የፈሰሰውን እንኳን አልለቀምኩም።

ዛሬ ማታ የወጥ ቤት ሚዛንሽን አውጪና ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፊ። በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1964 ድረስ የተመቱት ዳይም፣ ኳርተርና ባለ ግማሽ ዶላር ከመቶ 90 እጅ ብር ናቸው። በ1965 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ዳይምና ኳርተር ብራቸውን አጡ፤ ባለ ግማሽ ዶላሩ ግን እስከ 1970 ድረስ ከመቶ 40 እጅ ይዞ ቆየ። ስለዚህ ግማሽ ዶላሮቹን በተመቱበት ዓመት ለያይተሽ አስቀምጪ። ዓመቱ ከተፋቀ ጠርዙን ተመልከቺ፤ የአሁኑ ኳርተር ጠርዝ ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ይታያል፣ የብሩ ግን ዙሪያውን ነጭ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የ90 እጁ ሳንቲም ዳይም ሆነ ኳርተር ሆነ ግማሽ ዶላር፣ የአንድ ዶላር ያህሉ አዲስ ሳለ 25 ግራም ይመዝናል። አርባ ኳርተር 250 ግራም ማለት ነው። ሳንቲም በእጅ ብዛት ስለሚፋቅ ነጋዴዎች ለአንድ ዶላር 0.715 አውንስ (የብር አውንስ 31.1 ግራም ነው) ንጹሕ ብር ይይዛሉ። የአንቺ ኳርተር 45 ዶላር፣ ዳይሙ 9 ዶላር ነው። ከግማሽ ዶላሮቹ አሥራ ሁለቱ የ1964 ቢሆኑ ጠቅላላው 60 ዶላር ይሆናል፤ በ0.715 ሲባዛ 42.9 አውንስ። የብር ዋጋ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ የዕለቱን በስልክሽ እዪ፤ ለስሌት እንዲመቸን አውንሱን 30 ዶላር ብንለው 1,287 ዶላር ነው። 400 ዶላር ያሉሽ ይህንን ነው።

በመያዣ የሚያበድሩት ሱቆች ክፋት ስላለባቸው አይደለም፤ ንግዳቸው ብድር ነው፣ ሳንቲምን የሚያዩት እንደ ቴሌቪዥንና እንደ ጊታር ነው። ወርቅና ብር እንገዛለን ብለው ለቅዳሜና እሁድ ሆቴል አዳራሽ ከሚከራዩትም ራቂ። ሰኞ አታገኚያቸውም።

ለተራ ሳንቲምና ለፈጣን ገንዘብ የሚሻለው የሳንቲም ነጋዴ ሱቅ ነው። ሁለት ሦስት ሱቅ ስልክ ደውይና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ለ90 እጁ ዛሬ የፊቱን ዋጋ (ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን) ስንት እጥፍ ትከፍላላችሁ?» የሙያው ሰው ወዲያው ቁጥር ይነግርሻል። በ30 ዶላር ስሌታችን የብሩ ዋጋ 21.45 እጥፍ ነው፤ ሃያ ወይም አሥራ ዘጠኝ ካለሽ ሥራውን የሚያውቅ ነው። «ይዘሽው ነይና እናያለን» የሚልሽን ግን በዝርዝርሽ መጨረሻ አስቀምጪው። የብር ዋጋ ድንገት ሲያሻቅብ ነጋዴዎች ከብሩ ዋጋ የሚቀንሱትን ሰፋ እንደሚያደርጉት እወቂ፤ አቅላጮች ሥራ ስለሚበዛባቸው ብሩ ነጋዴው እጅ ላይ ይቆያል፣ ዋጋው ቢወርድ የሚጎዳው እሱ ነው።

መታወቂያሽን ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ አትደንግጪ፣ የሻጩን ማንነት የሚመዘግቡ ነጋዴዎች አሉ። ገንዘቡ ከፍ ካለ ቼክ የሚሰጡም ስላሉ ለዓርብ እንዲደርስልሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ሲመዝኑና ሲቆጥሩ እዚያው ቁሚ።

ሳንቲሞቹን ደግሞ እንዳታጥቢያቸው። እናቶቻችን ጌጣቸውን በአመድ ፈትገው ያበሩት ነበር፤ ለሳንቲም ግን አይሆንም። ተራው ቢታጠብ ዋጋው አይጨምርም፣ ብርቅ የሆነው ቢታጠብ ዋጋው ይወድቃል። ብርቅ ያልኩት ጥቂት ስላለ ነው፤ የ1932 ኳርተር ካገኘሽ ገልብጠሽ ከንስሩ በታች ዲ (D) ወይም ኤስ (S) የምትል ትንሽ ፊደል ፈልጊ። የ1916 ዳይም ጀርባ ላይም ዲ ካለች ለብቻ አስቀምጪያት። የቀረው ሁሉ ክብደት ነው።

ምላሽ፣ ከሲያትል

በኢንተርኔት ጨረታ ብትሸጭው የተሻለ ይከፈላል ባይ ነኝ። ካልሆነም ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይዞልሽ ሄዶ ፒያሳ ይሽጥልሽ።

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ጨረታው ለብርቅ ሳንቲም ያዋጣል። ለተራው ግን የጨረታው ድርጅት ከመቶ ከአሥር በላይ ይወስዳል፣ የፖስታና የኢንሹራንስ ወጪ አለ፣ ለአዲስ ሻጭም ገንዘቡን ቶሎ አይለቁም። እህታችን ያላት እስከ ዓርብ ነው። የፒያሳውን ነገር ተወው፤ የአሜሪካ ኳርተር ስንት እጅ ብር እንዳለበት ሳይፈትን የሚያምነው ገበያ እዚሁ ነው።

ስለ ጠገራው ልመለስ። ጠገራ ብር ማርትሬዛ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፤ ላዩ ላይ 1780 ስለተጻፈ ብዙ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቅርስ የያዘ ይመስለዋል። ዓመቱ ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቪየና ብቻ ሳይሆን ለንደን፣ ሮምና ቦምቤይም ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ ንጹሑ 23.4 ግራም ይሆናል። ቀደምት ሰዎች ሲቀበሉት የሴትየዋን ጌጥ ዕንቁዎች በጣት እየቆጠሩ ነበር ይባላል፤ ነጥቦቹ የጠፉበትን ይመልሱት ነበር። በገበያ ዋጋው ከብሩ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ እሱን ሸጠሽ መያዣ አትሞዪበትም፤ ከቆርቆሮው አውጥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሚዛን ላይ እንዳይወጣ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ለቀምን። የ90 እጁ 60 ዶላር 1,500 ግራም መሆን ሲገባው ሚዛኑ 1,484 ግራም አለ፤ ተፍቀዋል ማለት ነው። የ1932 አንዲት አገኘሁ፣ ፊደል የላትም። ባለ ግማሽ ዶላሮቹ እርስዎ እንደገመቱት አሥራ ሁለቱ የ1964 ሲሆኑ ስምንቱ የ1967ና የ1968 ናቸው። ሦስት ሱቅ ደወልኩ፤ አንደኛው ይዘሽ ነይ አለኝ፣ ሁለተኛው የብሩን ዋጋ ከመቶ 84፣ ሦስተኛው ከመቶ 93 ሰጠኝ። ሦስተኛው ጋ ሄድኩ፤ ሽማግሌው ነጋዴ አንዱን ዳይም በጣቱ አሽከርክሮ ድምፁን አዳመጠና ለብቻው ፈገግ አለ። በቼክ ከፈለኝ፣ ሐሙስ ባንክ አስገባዋለሁ። ስምንቱን ግን «እነዚህን ዛሬ አልፈልጋቸውም» ብሎ መለሰልኝ። ምን ላድርጋቸው?

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ስምንቱ በጠቅላላው 1.18 አውንስ ብር ናቸው፤ ለዚያ ብለሽ ነዳጅ አትፍጂ። ለአባትሽ ደውለሽ ስንት እንደከፈሉሽ ንገሪያቸው።