የአባታችን ኑዛዜ ሦስት ምስክር ብቻ ነው ያለው

አባታችን ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። ኑዛዜው የተገኘው ከመዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ነው። በታይፕ የተጻፈ ሲሆን የእሱና የሦስት የእድር ጓደኞቹ ፊርማ አለበት። ቤቱን ለታናሽ ወንድሜ ይሰጣል፤ የእኔና የታላቅ እህቴ ስም የለም። እናታችን በሕይወት አለች። አባቴን ያስታመመው ወንድሜ ስለሆነ ልጣላው አልፈልግም፤ ነገር ግን ስሜን ሳጣው አለቀስሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 ለእንዲህ ያለው ኑዛዜ አራት ምስክር ይጠይቃል፤ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነብቦ ወዲያው መፈረም አለበት። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ አጣሪ። አባትሽ ሙሉውን በእጃቸው ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ምስክር ባላስፈለገ ነበር።

መልስ፦ ስምሽ መዘለሉ ብቻውን ከውርስ አይነቅልሽም። ልጅን ለመንቀል ኑዛዜው በግልጽ መናገርና ምክንያቱንም መጥቀስ አለበት። ኑዛዜው ከፈረሰ ሦስታችሁም እኩል ትወርሳላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን እናትሽን አስቢ! ቤቱ በትዳር የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእርሳቸው ነው፤ አባትሽ ሊናዘዙበት አይችሉም።

መልስ፦ እኛ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ያወጣነው አብረን ሄደን ነው። ክስ ከመክፈትሽ በፊት ወረቀቱን ይዘሽ ከወንድምሽ ጋር ተቀመጪ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ምስክሮች ጡረተኛ መምህራን ናቸው። ቅዳሜ እናቴ ቡና ታፈላለች፤ ወንድሜን ጠርቼዋለሁ።