በየጎፍ ደን ዳር የአካባቢ ትምህርት ቤት በምን እንሥራ?

ጥያቄ (መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ልጆቹን ወደ የጎፍ ተራራ እያወጣ የአበሻውን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ፣ ወይራውን ከባሕር ዛፉ እንዲለዩ ያስተምራል። አሁን ከደኑ ዳር 40 ተማሪ የሚይዝ አንድ የመማሪያ ክፍል ለመሥራት አስበናል። ከዚህ በፊት የተሠራልን ክፍል ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ውስጡ ይፈላል፣ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን ከጆሮዋ ጀርባ አድርጋ አንገቷን ወደ እኔ ስታሰግግ አይቻለሁ። ስለ ዛፍ የምናስተምርበትን ቤት ዛፍ ጨፍጭፈን መሥራት አይሆንልኝም። በምን ብንሠራው፣ ፊቱንስ ወዴት ብናዞረው ይሻላል?

መልስ (የግንባታ ባለሙያ፣ ከደሴ)

መምህር፣ አብሽሩ። ከሁሉ በፊት ቦታው ነው፤ ቀድሞ የተመነጠረ ሜዳ ካለ ቤቱ እዚያ ይረፍ እንጂ ወደ ደኑ ውስጥ አይግባ። ተዳፋቱን ቆርሶ መደልደልም አደገኛ ነው፤ ቁልቁለት ክረምት ሲያርሰው ምን እንደሚሆን ደሴ ላይ በየጊዜው እናያለን።

ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይርዘም፣ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ። የምንገኘው በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ብርድ በሚጠናበት በዚያ ወቅት በደቡቡ መስኮት ገብታ ክፍሉን ታሞቃለች። ክረምት ሲገባ በሰሜን በኩል ሆና ወደ አናት ስለምትጠጋ መለስተኛ የጣሪያ ክፈፍ ይከላከላታል። የሚያስቸግረው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ነውና የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ያለ መስኮት ይደፈን።

ግድግዳው እስከ ጉልበት ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ቢሆን እመርጣለሁ። ሥራው ከመስቀል በኋላ ይጀመር፤ በወሎ በልግ ስላለ እስከ ጥር ያልደረቀ ጭቃ በየካቲት ዝናብ ይበላል።

መልስ (ግንበኛ፣ ከላስታ)

በቦታውና በአቅጣጫው እስማማለሁ፣ በጭቃው ግድግዳ ግን አልስማማም። በላሊበላ አባቶቻችን ክብ ባለ ፎቅ ቤቶችን በድንጋይና በጭቃ ገንብተዋል። የድንጋይ ግድግዳ ወጋግራና ማገር ስለማይፈልግ እንጨት የምትሹት ለጣሪያው ብቻ ነው፤ ለእርሱም ልጡ ተልጦ በጥላ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል፣ ጥዱንና ወይራውን አትንኩ። ጣሪያው ሣር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከደን አጠገብ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ቤቱንም ደኑንም ይጨርሳል። ስለዚህ ቆርቆሮ ይሁንና ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ ይሠራለት፣ በላዩም ጭድ የበዛበት ጭቃ በስሱ ይለሰን። ያን ጊዜ የዝናቡ ጩኸት ይበርዳል፤ ልጂቱም ትሰማዎታለች።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። በድንጋዩ ተረትቻለሁ። ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ውኃውን እናጠራቅማለን፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይወርዳል፤ ለችግኞቻችን ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩን የሚያያይዘውን ጭቃ ለመምረጥም ልጆቹ ዛሬ ጠዋት ከሦስት ቦታ አፈር አምጥተው በጠርሙስ ውኃ በጥብጠው በመስኮቱ ደፍ ላይ ደርድረዋል። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፤ የዋልካው ጠርሙስ እስከ አሁን አልጠራም።