የከተማው ቻርተር ማሻሻያ፦ ለአጣሪ ኮሚሽኑ የምናቀርበው የጋራ ሐሳባችን፣ ረቂቅ ሁለት

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ ሁለት ተያይዟል። የያዝነው ሦስት ነጥብ ነው። ከዓመታዊ በጀቱ 10 በመቶ የሚበልጥ ብድር ያለ ሕዝበ ውሳኔ አይወሰድ። ኦዲተሩን ምክር ቤቱ ይሹመው፤ ተጠሪነቱን ለከንቲባው ያደረገው አንቀጽ 14 ይሰረዝ። በጀት በጠቅላላው አባላት አብላጫ ድምፅ ይጽደቅ። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስተኛው ላይ «ጠቅላላ አባላት» ብላችሁ አትተዉት። ምክር ቤቱ 7 ነው፣ ምልዐተ ጉባኤው 4። ዛሬ ከተገኙት አብላጫ ስለሚበቃ 3 ሰው የዓመቱን በጀት ያጸድቃል። የምንሸሸው ይህንን ነው። 2 ወንበር ተጓድሎ አባላቱ 5 ቢሆኑ ግን አብላጫው ተመልሶ 3 ይሆናል። «በቻርተሩ ከተወሰነው የመቀመጫ ብዛት ከግማሽ በላይ» ይባል። ያኔ ወንበር ቢጎድልም ባይጎድልም 4 ድምፅ ያስፈልጋል።

የነጋዴዎች ተወካይ፦ 10 በመቶው የአንዱ ብድር ነው ወይስ የድምሩ? አንድን የመንገድ ሥራ በሦስት ውል ከፋፍለው እያንዳንዱን 9 በመቶ ካደረጉት ሕዝቡ ጋ የሚመጣ ነገር የለም። «በአንድ በጀት ዓመት የተወሰደ ብድርና የተሰጠ ዋስትና ድምር» ተብሎ ይግባ። ዕዳውን በግብር የምንከፍለው እኛ ነን።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ከዚህ በፊት አንድ ነገር። ረቂቁ አንቀጽ 14 ሲሰረዝ ከ15 ጀምሮ ያሉት ይሸጋሸጋሉ ይላል። አልስማማም።

ሰብሳቢ፦ እሱ የአርትዖት ጉዳይ ነው፣ እንለፈው።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ አንለፈውም። ቻርተሩ ውስጥ ያለውን ማጣቀሻ እናርማለን እንበል። በሥሩ የወጡት ደንቦችና የተፈረሙት ውሎችስ? የንግድ ፈቃድ ደንቡ «በአንቀጽ 22(3) መሠረት» ብሎ ነው የሚቀጣው። ከተሸጋሸገ 22 የነበረው 21 ይሆናል፤ በቦታው የሚመጣው ስለ አረንጓዴ ቦታ የሚያወራው 23 ነው። የተቀጣ ሰው ቅጣቱ የሕግ መሠረት የለውም ብሎ ይከራከራል። «አንቀጽ 14 (ተሰርዟል)» ብለን ቁጥሩን እንተወው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 18ኛው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1933 በ21ኛው ሲሻር ቁጥሩም ጽሑፉም በቦታው ቀርቷል።

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ጥርሱ የወለቀ ቻርተር ይዘን ሕዝብ ፊት እንቅረብ? «ነባር ማጣቀሻዎች በአዲሱ ቁጥር ይነበባሉ» የሚል አንድ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይበቃል።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ የቱ ቁጥር ወደ የቱ እንደሄደ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ካልተያያዘ ዳኛው ምን አይቶ ይወስናል? ከማሻሻያው በኋላ የሚወጣ ደንብ 22 ሲልስ የድሮውን ነው አዲሱን?

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ነገር ፍለጋ ነው ይሄ። ረቂቁን ስንጽፍ የት ነበርክ?

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ተናግሬያለሁ። ቃለ ጉባኤውን ግለጠው።

የነጋዴዎች ተወካይ፦ ብድሩስ? መልስ የሰጠኝ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ተዉ እንጂ፣ ሁለታችሁም። የንጽጽር ሠንጠረዡስ የት ደረሰ? ነባሩን፣ ማሻሻያውንና ምክንያቱን በሦስት ዓምድ አዘጋጃለሁ ያለው አባል ከማክሰኞ ወዲህ ድምፁ የለም። ያለ እሱ አጣሪ ኮሚሽኑ ሰነዱን አይቀበልም።

የቀድሞ ጸሐፊ፦ እሺ፣ ቃሌ ከርሮ ከሆነ ይቅርታ። ቁጥሩም ባዶ አይሁን፣ ሌላውም አይነካ። አዲሱ የኦዲተር ድንጋጌ ራሱ 14 ላይ ይግባ።

የሕግ ንዑስ ኮሚቴ፦ ጥሩ ነበር፤ ግን 14 ያለው ስለ ከንቲባው ሥልጣን በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ኦዲተሩን እዚያ ካስቀመጥነው ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ምክር ቤቱ ምዕራፍ ውስጥ ከ9 ቀጥሎ 9ሀ ተብሎ ይግባ፤ 14 ተሰርዞ ይቆይ። እግረ መንገዳችንን ስለ ቁጥርና ማጣቀሻ አጠቃላይ አንቀጽ እንጨምር፤ ለወደፊቱም ይጠቅማል።

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ከተጨመረ መጀመሪያ ላይ ይሁን። አንቀጽ 2ሀ።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ ሦስት ተያይዟል። አንደኛ የቁጥርና የማጣቀሻ አንቀጽ፣ ሁለተኛ ኦዲተሩ በ9ሀ፣ ሦስተኛ በጀቱ ገንዘብ ያዥ ባለው አጻጻፍ። ብድሩ «ዋስትና» የሚለው ስላልጠራ ለሁለተኛ ዙር ተላልፏል። ሠንጠረዡን የሚረከብ ሰው ይናገር።

የነጋዴዎች ተወካይ፦ ሁለተኛ ዙር የሚባል የለም። ኮሚሽኑ አንድ ጊዜ ነው የሚቀበለው፣ ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ዋስትና»ው ካስቸገረ ይውጣና ብድሩ ብቻውን ይግባ። ብድሩ በሌለበት ሰነድ ላይ የነጋዴዎች ማኅበር አይፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦ ዋስትና ከወጣ በዋስትና ስም ይበደራሉ።

ሰብሳቢ፦ ሠንጠረዡን ማን ይረከባል?