የሚያስገድል ጽሑፍ ይነሳ ከተባለ፣ ማን ያንሳው?

ጥያቄው፦ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሰው የሚያስበላ ጽሑፍ ሲለቀቅ ይነሳ? ወሳኙስ ማን ይሁን? የጎጃም ልጆች፣ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ። ስድብ የለም።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦ ይነሳ እንጂ! በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። በክሱ እንደሚለው፣ ከግድያው በፊት የአባቱ ፎቶ ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አንሱልኝ ብሎ ቢጠቁምም በጊዜው የሰማው የለም። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት አይዳኘኝም ብሎ ተከራከረ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ዋናው ፍርድ ገና ነው።

ጤፍ ነጋዴዋ (ቢቸና)፦ መምህር፣ የሳቸውስ አንጀት ይበላል። ግን ውሳኔውን ለመንግሥት ከሰጠነው አለቀልን። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለአዲስ አበባው ደንበኛዬ የጤፉን ፎቶ እንኳ መላክ አቃተኝ። ወሬው ግን መች ቆመ? በስልክ እየተደወለ፣ ቀንድና ጭራ እየተቀጠለለት ዞረ። ኧረ ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ!

መምህሩ፦ አይጧ ሰው እየበላች እንዴት ትለፍ፣ እትዬ?

ሕግ ተማሪው (ባሕር ዳር)፦ ሕግ እኮ አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ኩባንያዎቹም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ተጽፎ ያስጠይቃል እንጂ ሳይጻፍ አይታፈንም።

ባለባጃጁ (ፍኖተ ሰላም)፦ ወንድሜ፣ ሕጉን ለማን ነው የምታነበው? ባለሥልጣን የተነካ ቀን ይሮጣል። ደሃ የተነካ ቀን ማን ሰማ?

ጤፍ ነጋዴዋ፦ ከአፌ ነጠቅኸኝ።

ሕግ ተማሪው፦ እንግዲያው ዳኛ ይወስን።

መምህሩ፦ ዳኛው ቀጠሮ እስኪሰጥ ሰውዬው ይቀበራል። እኔ የምለው፦ ፎቶና አድራሻ ለጥፎ «በሉት» የሚለውን ኩባንያው ራሱ በሰዓታት ውስጥ ያንሳ። ለዚህ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይቅጠር። ማሽን የእኛን ሰምና ወርቅ ከየት ያውቀዋል? ስም ሳይጠራ ሰው የሚያስበላ ሞልቷል። ትችቱና ፖለቲካው ግን፣ ስድቡም ቢሆን፣ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይነካ። የተነሳበትም ሰው ለምን እንደተነሳበት በጽሑፍ ይነገረው።

ባለባጃጁ፦ በዚህ ተስማማን። አማርኛ የሚያውቀው ሰውስ የማን ወገን ነው?

ጤፍ ነጋዴዋ፦ ለዕርቅ ስንቀመጥ ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን አይደል የሚጠራው? እንደዚያው ይደረጋ።

ሕግ ተማሪው፦ ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል?

ጤፍ ነጋዴዋ፦ ሜታ ነዋ! ከማስታወቂያ የሚዝቀው ምን ሊሆነው ነው?