የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ያለ ጦርነት ለምን ይህን ያህል አብራሪ ፈጁ?

ሰማያዊ ክንፍ፦
ሰላም ወገኖች። ስለ እንግሊዝ የመጀመሪያ ተዋጊ ጄት ስለ ግሎስተር ሚቲዮር እያነበብኩ ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ወደ 890 ሚቲዮሮች አጥቷል፤ 450 ገደማ አብራሪዎችም ሞተዋል። አብዛኛው ደግሞ ውጊያ ላይ አይደለም። አውሮፕላኑ ነው ክፉ ወይስ አብራሪዎቹ ናቸው ያልበሰሉት?

የሞተር ሰው፦
ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። «አብራሪው ተሳሳተ» ተብሎ ፋይል ሲዘጋ ያናድደኛል።

ፕሮፔለር የለመደ ሰው ጋዝ ሲሰጥ አውሮፕላኑ ወዲያው ይጎትትለታል። የድሮ ጄት እንዲህ አይደለም። ተርባይኑ ዙሩን እስኪያነሳ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። ለማረፍ ስትወርድ ፍጥነትህ ከጎደለ፣ ጉልበቱ ሳይመጣልህ መሬት ይቀድምሃል። ደንግጠህ ጋዙን ብትገፋው ይብሳል፤ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ ይጠፋል ወይም ይቃጠላል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 262 ላይ ጋዙን ቀስ እያሉ መግፋት ግዴታ የነበረው ለዚህ ነው።

ሚቲዮር ደግሞ ሁለቱ ሞተሮቹ ክንፉ ላይ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። አንዱ ሲጠፋ ሌላው አፍንጫውን ወደ ጎን ይገፋዋል። አብራሪው ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ይይዘዋል። ፍጥነቱ በጣም ከወረደ ግን የእግር ጉልበት አይበቃም፤ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። ይህን ለማስለመድ አሠልጣኞች አንዱን ሞተር ሆን ብለው ያጠፉ ነበር። ከእውነተኛው ብልሽት ይልቅ ልምምዱ ብዙ ሰው ጨረሰ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰማያዊ ክንፍ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩ ራሱ አብራሪውን አስፈንጥሮ አያወጣውም ነበር?

የሞተር ሰው፦
በመጀመሪያዎቹ ሚቲዮሮች ላይ አልነበረም። በኋላ በመጣው ኤፍ 8 በተባለው የሚቲዮር ሞዴል ላይ ተገጠመ። ተማሪና አሠልጣኝ አብረው የሚበሩበት ቲ 7 ግን ጨርሶ አልነበረውም። ልምምዱ የሚካሄደው እሱ ላይ መሆኑን አስበው እስቲ!

የድሮ ማኅደር፦
የአሜሪካኖቹም ከዚህ አይተናነስም። የሎክሂድ ኩባንያ ተዋጊ ጄት የሆነው የፒ-80 ዋና የነዳጅ ፓምፕ ሲቆም ሞተሩ ይሞታል። የድርጅቱ የሙከራ አብራሪ ማይሎ በርቻም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1944 ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ሞተ። 40 የጠላት አውሮፕላኖች የጣለው ሪቻርድ ቦንግም ነሐሴ 6 ቀን 1945 እንደዚያው። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የተጣለ ዕለት ነው። ዘሎ ወጥቶ ነበር፣ ግን ፓራሹቱ እንዲዘረጋ ከፍታው አልበቃውም።

የሞተር ሰው፦
ደግ አነሳኸው። በርቻም በነበረበት አውሮፕላን ላይ የመጠባበቂያ ፓምፕ አዲስ ተገጥሞ ነበር። ስለ እሱ ግን አልተነገረውም። ቦንግ ሲነሳ ደግሞ መጠባበቂያው አልበራም። ማብሪያው በአብራሪው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፣ ያውም እጁ ሥራ በሚበዛበት ቅጽበት። ይህን የአብራሪ ጥፋት ብዬ አልቀበልም። ዋናው ፓምፕ ሲደክም መጠባበቂያው በራሱ እንዲነሳ ማድረግ የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ሰማያዊ ክንፍ፣ የአደጋ ሪፖርት ስታነብ መጀመሪያ አብራሪው በጄት ስንት ሰዓት እንደበረረ ፈልግ፤ ከዚያ በምን ከፍታ ላይ እንደነበር።