ፊዚክስ እየተማራችሁ ጸሎት የማይቀዘቅዝባችሁ አላችሁ?

ጥያቄ (ጥቁር ሰሌዳ)
ሰላም ቤተሰብ፣ ፊዚክስ 3ኛ አመት ነኝ። ልጅ እያለሁ ከአያቴ ጋር ኪዳን ስሄድ የሆነ ነገር ውስጤን ነዘር ያደርገው ነበር፣ አሁን ግን ቆሜ እየጸለይኩ ጭንቅላቴ "ይሄ እኮ ዶፓሚን ነው" (ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ኬሚካል) ይለኛል፣ ዕጣን ሲሸተኝ እንኳን ስለ ሽታ ነርቭ ነው የማስበው ሃሃ። እውቀት ሲጨምር መንፈሳዊነት የግድ መቀነስ አለበት እንዴ? "እመንና ዝም በል" የምትሉ በናታችሁ ይቅርባችሁ፣ እሱን ቤት ጠግቤዋለሁ።

ቀጨኔ
ወንድሜ የቢግ ባንግን ሀሳብ ያመጣው ሰው እኮ ቄስ ነው፣ ለሜትር የሚባል የቤልጅየም ካቶሊክ። በፈረንጆቹ 1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ፣ 1931 ላይ ደግሞ ሁሉም ከአንድ አተም ነው የተነሳው አለ። እኔን የገረመኝ ግን በ1951 ፖፑ ራሳቸው ሳይንስ ፍጥረትን መሰከረልን አይነት ንግግር ሲያደርጉ ሰውየው ደስ አላለውም፣ ሁለቱን አታደባልቁብኝ ባይ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ቲዎሪው ነገ ቢወድቅ እምነቱ አብሮ እንዲወድቅ አልፈለገም።

ተጠራጣሪው
ይሄ መልስ አይሆንም። ሲጋራ የሚያጨስ ዶክተርም አለ፣ ስለዚህ ሲጋራና ሳንባ ተስማሙ ልንል ነው?

የድሮ ቆሎ ተማሪ
ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) ላይ ጎበዝ ነበርኩ። የፀሐይ አመት 365 የጨረቃ 354፣ ልዩነቷ 11፣ ወንበር የሚባለውን የዓመቱን ቁጥር በ11 አባዝተህ በ30 ትገድፈዋለህ ቀሪው አበቅቴ ነው፣ እሱን ከ30 ስታነሳ መጥቅዕ ትሆናለች፣ ከዛ ነነዌ መቼ እንደምትገባ በጣቴ አወጣዋለሁ። ጾሙ ሲገባ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚርበው እኔ 😂 የኔታ አንድ ቀን ስቀው "አንተ ጾሙን ቆጠርከው እንጂ መች ጾምከው" አሉኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነበርኩበት። አንተም ዶፓሚን ስትል የተሳሳትክ አይመስለኝም፣ ግን እየጸለይክ ነው ወይስ ራስህን ላብራቶሪ ውስጥ አስገብተህ እያየህ?

ጥቁር ሰሌዳ
የኔታ ገደሉኝ። እውነት ለመናገር 2 አመት ሙሉ ስለ ጸሎት አሰብኩ እንጂ የጸለይኩ አይመስለኝም። ቅዳሜ አያቴ ጋር አድራለሁ፣ በሌሊት እንድትቀሰቅሰኝ እነግራታለሁ።

ተጠራጣሪው
ሂድና የተሰማህን ጻፍልን። ዶፓሚን ብቻ ከሆነም እንዳትደብቅ 😁