በስፔን ገጠር ለመሮጥ የተፈቀደው መንገድ የትኛው ነው?

የሶምሶማ ልጅ (ሶሪያ አውራጃ፣ ስፔን)

ሰላም ለሁላችሁ ወገኖቼ። ከአራት ወር በፊት በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝቼ ወደ ሶሪያ መጥቻለሁ፤ ሶሪያ ስል ግን በመካከለኛው ምሥራቅ ያለችውን አገር ሳይሆን በሰሜናዊ ስፔን የምትገኘውን አውራጃ ነው። አገር ቤት ሳለሁ በክለብ ደረጃ አምስት ሺህና አሥር ሺህ ሜትር እሮጥ ነበር። አሁን ውድድሩ ቢቀርም ሳልሮጥ የዋልኩበት ቀን ሰውነቴም መንፈሴም አይስተካከልም።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ከመግባቴ በፊት በስንዴ ማሳዎች መካከል በሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ስሮጥ፣ ከበጎች መንጋ ውስጥ ጥጃ የሚያካክሉ ሁለት ውሾች ተነሥተው መንገዱን ዘጉብኝ። የአንደኛው አንገት ላይ የብረት እሾህ ያለው ቀበቶ ነበር። እረኛው በፉጨት እስኪጠራቸው ድረስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ስመለስ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከዛፎቹ ሥር እጁን እያወዛወዘ ጮኸብኝ። ስፓኒሽ ገና ስላልበሰለልኝ «ተመለሺ» ያለኝ መሆኑን ብቻ ነው የተረዳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአስፋልቱ ዳር እሮጣለሁ፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ወደ ቦዩ ይገፋኛል።

የሰው መሬት ሳልረግጥና ራሴን አደጋ ላይ ሳልጥል የምሮጥበትን መንገድ በምን ለይቼ ልወቅ? ለልምምድ የሚሆን ጥሩ ቦታ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ታናሽ ወንድሜ በየሳምንቱ እየደወለ «ሯጭ ሆነሽ ሳለ ሽማግሌ ታጥቢያለሽ፤ ተወዳድረሽ ገንዘብ ላኪ እንጂ» ይለኛል፤ እሱንም ምን ብዬ እንደምመልስለት ጨንቆኛል።

የማድሪድ ነዋሪ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። እዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ስለኖርኩ የማውቀውን በዝርዝር ልንገርሽ።

ያ ሰፊ የሣር መንገድ «ካኛዳ» የሚባለው የከብት መተላለፊያ ሳይሆን አይቀርም። ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1273 «ሜስታ» ለተባለው የበግ አርቢዎች ማኅበር መብት ከሰጠ በኋላ፣ መንጋዎች በብርዱ ወራት በደቡብ ወዳሉት ወደ ኤክስትረማዱራና ወደ አንዳሉሲያ ክልሎች የሚወርዱበት፣ ሲሞቅም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚመለሱበት መንገድ በሕግ ተጠብቆ ኖሯል። ያንቺ ሶሪያ ከማኅበሩ ዋና ዋና መቀመጫዎች አንዷ ነበረች። የትልቁ ካኛዳ ስፋት እስከ 75 ሜትር ይደርሳል፤ በመላው ስፔን ያሉት የመንጋ መንገዶች ቢደመሩ ደግሞ ወደ 125 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ይሆናሉ። በ1995 የወጣው ሕግ እነዚህ መንገዶች የማይሸጡና የማይለወጡ የሕዝብ ንብረት መሆናቸውን ደንግጎ፣ ለእግረኛ መተላለፊያነት እንዲያገለግሉም ፈቅዷል፤ ቅድሚያው ግን የመንጋው ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ መሮጥ መብትሽ ነው፤ በግ ሲመጣ ግን የምትለቂው አንቺ ነሽ።

የጮኸብሽን ሰው በተመለከተ፣ ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በእናንተ ክልል፣ በካስቲያ ኢ ሌዮን፣ እንደ ጥንቸልና ቆቅ ያሉ ትናንሽ እንስሳትን ማደን የሚፈቀደው ከጥቅምት እስከ ጥር ገደማ ሲሆን፣ ቀኖቹም ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ናቸው። ምናልባት ሰውየው ከመሬቱ ሊያባርርሽ ሳይሆን ከተኩስ መስመር ሊያወጣሽ ፈልጎ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት ከመንደሩ አትራቂ፤ ከራቅሽም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሺ። በአጥር ላይ ወይም በእንጨት ላይ የተቸነከረች፣ በሰያፍ ግማሿ ጥቁር ግማሿ ነጭ የሆነች ትንሽ ሰሌዳ ካየሽ የአደን ክልል ድንበር ላይ ነሽ ማለት ነው።

አስፋልት ላይ መውጣት ግድ ከሆነብሽ ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ መኪና ከፊት ለፊትሽ በሚመጣበት ወገን ሩጪ። ከመንደር ውጭ በጨለማ የሚሄድ እግረኛ ከ150 ሜትር ርቀት የሚታይ መብራት ወይም አንጸባራቂ ነገር እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል። በታኅሣሥ ወር እዚያ አካባቢ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ፀሐይ ስለማትወጣ ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዪው። በመጨረሻም በመንደሩ ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ካልተመዘገብሽ ዛሬውኑ ተመዝገቢ፤ ወደፊት ለወረቀትሽ ይጠቅምሻል፤ በዚያው የመንገዶቹን ካርታ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

እናት በሴጎቪያ

ልጄ፣ ጋሼ ስለ ሕጉ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ውሻው ግን ሕግ አያነብም። እኔም ሴጎቪያ አካባቢ ስኖር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እንዲህ ያለ የበግ ጠባቂ ውሻ ካየሽ ወዲያው ሩጫሽን አቁሚ፤ በዝግታ እየተራመድሽ መንጋውን በሩቁ ዙሪው እንጂ በመካከሉ አትለፊ፤ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሪ፤ ዓይን ዓይኑንም አትዪው። አገራችን ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ያነሣሽ ስትመስዪ ውሻ ይሸሻል፤ ይኸኛው ግን ከተኩላ ጋር እንዲጋፈጥ የተራባ ነውና ይብስበታል። እረኛውን በሰላሙ ቀን ሄደሽ ተዋወቂው፤ ጠረንሽን የለመደ ውሻ ዳግመኛ አያስቸግርሽም።

ቦታ ከጠየቅሽ፣ እንደ ሶሪያ ያለ ለሯጭ የተመቸ ምድር የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ እንደ ሱሉልታና በቆጂ ባትሆንም ሳንባሽ ልዩነቱን ያውቀዋል። በዱዌሮ ወንዝ ዳር ከጥንቱ የሳን ህዋን ገዳም ተነሥተሽ፣ በሳን ፖሎ ቅስት ሥር አልፈሽ፣ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ እስከ ተሠራው የሳን ሳቱሪዮ ቤተ ጸሎት ድረስ ያለው መንገድ አጭርና ሜዳ ነው፤ ለማሟሟቂያ ይሆንሻል። ረጅም ልምምድ ካማረሽ ደግሞ ከከተማው ስምንት ኪሎሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የቫልዮንሳዴሮ ደንና ግጦሽ አለ። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ ደራርቱ ቱሉ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ባገኘችበት በዚያው መድረክ፣ በ1,500 ሜትር ያሸነፈው ፈርሚን ካቾ የሶሪያ ልጅ ነው። በ1997 እና በ1999 የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አቤል አንቶንም እንዲሁ።

አንድ ቦታ ግን ለልቤ ስለሚቀርብ ልጨምርልሽ፤ ካላታኛሶር። በዐለት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ቤቶቿ በጭቃ፣ በጭድና በጥድ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ከሥሯ በሜዳው ላይ ያረጁ ጥዶች ያሉበት ደን አለ፤ ዛፉ የእኛው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው። የመጀመሪያ ቀን እዚያ ስሮጥ ዝናብ አባርቶ ነበር፤ አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጥቤ በመዳፌ አሽቼ ባሸተትኳት ጊዜ የእናቴ ሣጥን ሲከፈት የሚሸተው ሽታ መጣብኝ፤ ሩጫዬን ትቼ ዛፉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ደግሞም በየመንደሩ ጫፍ በድንጋይ የተነጠፈውን ክብ ቦታ ስታዪ አትለፊው፤ አውድማ ነው። ዛሬ ሣር በቅሎበታል እንጂ አያቶቻቸው እንደ አያቶቻችን እህል ያበራዩበት ነበር።

የቫሌንሲያ ወንድም

እትዬ፣ የጻፉት ልቤን ነክቶኛል፤ ሆኖም እህታችን የጠየቀችው ስለ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ወንድሟ ገንዘብ ይጠብቃል። ችሎታ ካላት ወደ ቫሌንሲያ ትምጣ። በ1957 ከደረሰው ጎርፍ በኋላ የቱሪያ ወንዝ አቅጣጫው ስለተቀየረ፣ አሮጌው የወንዙ ወለል ዛሬ ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፍ የሯጮች መናፈሻ ሆኗል፤ ውሻም ጠመንጃም የለበትም። ለተሰንበት ግደይ የአምስት ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በ2020፣ የግማሽ ማራቶኑን ደግሞ በ2021 የሰበረችው እዚህ ነው፤ አማኔ በሪሶ በ2022፣ ሲሳይ ለማም በ2023 ማራቶኑን እዚሁ አሸንፈዋል። መንገዱም ገንዘቡም እዚህ እያለ በበግ መንገድ ላይ ዕድሜ መፍጀት አይገባም።

እናት በሴጎቪያ

ወንድሜ፣ የጠራሃቸው ልጆች ለውድድር መጥተው፣ አሸንፈው የሚመለሱ ናቸው እንጂ እንደ እኛ ቀን ሙሉ አረጋዊ አንሥተው፣ አስተኝተው፣ ማታ በደከመ እግር የሚሮጡ አይደሉም። ይቺ ልጅ ሥራዋን ለቃ ለቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃ የመንደር ሽልማት ፍለጋ ብትወጣ፣ በወር የምትልከውም ይቋረጣል። ገንዘቡን ከደመወዟ ትላክ፤ ሩጫዋን ግን ለራሷ ተዉላት።

የቫሌንሲያ ወንድም

እኔ ሥራሽን ጣይ አላልኩም። ነገር ግን ተሰጥኦ ያለው ሰው አብረው የሚሮጡ ጓደኞች ያስፈልጉታል፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ፍጥነቱ ይሞታል። እኔ ራሴ በገጠር ሁለት ዓመት ብቻዬን ሮጬ ያጣሁትን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም፤ ይህን የምናገረው ስለሚቆጨኝ ነው።

የማድሪድ ነዋሪ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ይሁን እንጂ ልጅቷ የጠየቀችው የት እንደምትሮጥ ነው። ሶሪያ ከተማ ለረጅም ዘመን የሯጮች መፍለቂያ ስለሆነች ክለብ አታጣም፤ ሳምንት አንድ ቀን ወርዳ ከእነሱ ጋር ፍጥነት ትሥራ፣ የቀረውን ቀን በካኛዳው ላይ ትሩጥ።

የሶምሶማ ልጅ

ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜም፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ፤ ካርታውንም አሳዩኝ፤ የሣሩ መንገድ በእርግጥም የመንጋ መተላለፊያ ነው። ማክሰኞ እረኛውን አገኘሁት። ከኮቱ ኪስ ደረቅ ዳቦ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝና ለትልቁ ውሻ እንድሰጠው አደረገ፤ ውሻውም ዳቦውን በከንፈሩ ብቻ ተቀበለኝ። ረቡዕ ዘጠኝ ኪሎሜትር ሳልቆም ሮጥኩ፤ ውሾቹም ከተኙበት ራሳቸውን ቀና አድርገው አይተውኝ መልሰው ተኙ።

ለወንድሜ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። የወንድማችን ነገርም በጆሮዬ አለ፤ ስለ ክለቡ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። መንገዱ ከስድስተኛው ኪሎሜትር በኋላ የሽቦ በር አለበት፤ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ ቁልፍ ግን የለውም፤ ምንም ሰሌዳም አልተሰቀለበትም። በካርታው ላይ መንገዱ ከበሩ ወዲያም ይቀጥላል። ሰንሰለቱን ፈትቼ፣ አልፌ፣ መልሼ ማሰር ይፈቀድልኛል ወይስ ከበሩ መመለስ አለብኝ? እንዲህ ያለ በር የገጠመው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እሑድ የአደን ቀን ስለሆነ ዓርብ በማለዳ ልሞክረው አስቤአለሁ።